በእግር መሄድን ለማበረታታት ምን ይሻላል? ውጤቱስ በምን ይለካ?

«ሠራተኞቻችን በእግር እንዲሄዱ እናበረታታ» ወይም «የሰፈራችን ልጆች በእግራቸው ትምህርት ቤት ይሂዱ» የሚል ሐሳብ ሲነሳ፣ ኮሚቴው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያሠራው ቲሸርት ነው። ባነር ይሰቀላል። እሁድ ጠዋት ወክ ይደረጋል፣ ፎቶ ይነሳል። ሰኞ ጠዋት ሁሉም ወደ ታክሲ ሰልፉ ይመለሳል። ከሦስት ወር በኋላ «ታዲያ ምን ተለወጠ?» የሚል ሰው ቢመጣ የሚቀርብለት ፎቶው ብቻ ነው።

ምን እንሥራ የሚለውና በምን እንለካው የሚለው አብረው መመረጥ አለባቸው። እዚህ የማነጻጽረው ለትንሽ ቡድን የሚሆኑትን አማራጮች ነው፦ ለወላጅ ኮሚቴ፣ ለእድር፣ ለመሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል፣ ለወረዳ ባለሙያ። ምሳሌዎቼ በአብዛኛው ከአዲስ አበባ ናቸው።

አዲስ አበባ ላይ ጥያቄው ይለያል

ብዙ የውጭ አገር መመሪያዎች ሰው ሁሉ መኪና ይነዳል ብለው ነው የሚነሱት። ግባቸው ሾፌሩን ከመኪናው ማውረድ ነው። አዲስ አበባ ግን ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላዩ በእግር ነው። በከተማዋ የትራንስፖርት ሰነዶች ተደጋግሞ የሚጠቀሰው ቁጥር 54 በመቶ አካባቢ ነው። ይህን ቁጥር ያገኘ የአውሮፓ ከንቲባ ድግስ ይደግስ ነበር።

እኛ ዘንድ ግን አብዛኛው እግረኛ መርጦ አይደለም የሚሄደው። ታክሲ ጠፍቶ ነው። ሰልፉ ረዝሞ ነው። የታክሲው ብር ለዳቦ ተፈልጎ ነው። ይህ ሰው ነገ እጁ ላይ ትንሽ ብር ሲገባ መጀመሪያ የሚተወው በእግር መሄዱን ነው።

ስለዚህ «የእግረኛ ቁጥር ጨመረ» የሚል ሪፖርት ብቻውን ብዙ አይነግረንም። ታሪፍ የጨመረ ሰሞን እግረኛ ይበዛል። ነዳጅ የጠፋ ቀንም እንዲሁ። ያንን ቁጥር ይዞ «ፕሮጀክታችን ተሳካ» ማለት ያስተዛዝባል።

ይልቅ የሚጠየቀው ይህ ነው፦ መሄዱ ቀለለ ወይ? አደጋው ቀነሰ ወይ? ሌላ አማራጭ እያለው በእግሩ የሚሄድ ሰው መጣ ወይ? ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች የመዘንኳቸው በእነዚህ ጥያቄዎች ነው።

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ግን ርቀቱን እወቁ። ጤነኛ ጎልማሳ በሰዓት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። አንድ ኪሎ ሜትር ማለት ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ባለ ከተማ፣ ያውም ዳገት ሲጨመርበት፣ ትንሽ ይረዝማል። ሠራተኛው ከኮዬ ፈጬ ፒያሳ የሚመላለስ ከሆነ «በእግርህ ና» ማለት ፌዝ ነው። እሱን የሚመለከተው የጉዞው ጫፍ ብቻ ነው፦ ከቤት እስከ ፌርማታ፣ ከፌርማታ እስከ ቢሮ፣ መንገዱ ሲጨናነቅም አንድ ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ መሄድ። ከ3 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት የሚኖረው ደግሞ ሌላ ዕቅድ ይፈልጋል። ሁለቱን በአንድ ዘመቻ አትጨፍልቋቸው።

የእሁድ ወክ ወይስ የሰኞ መንገድ?

«መንገድ ለሰው» አዲስ አበባ ውስጥ በ2011 ዓ.ም. ተጀመረ። በወሩ የመጨረሻ እሁድ የተመረጡ መንገዶች ለጥቂት ሰዓት ለመኪና ይዘጉና ሰው፣ ብስክሌትና ኳስ ይገባባቸዋል። ኪጋሊም በፈረንጆች 2016 ተመሳሳይ ነገር ጀምራለች። የኮሎምቢያ ዋና ከተማ የቦጎታው ከሁሉም የቆየ ነው፤ ከ1970ዎቹ ጀምሮ አለ።

እኔ እንዲህ ያሉ ቀኖችን እወዳቸዋለሁ። ልጅ አስፋልት መሀል ብስክሌት ሲነዳ ማየት ራሱ ደስ ይላል። ባለሥልጣንም በእግሩ ሲሄድ የተሰበረውን ክዳን የማየት ዕድል ያገኛል። ግን ትራንስፖርት አይደለም። በዚያ መንገድ መርካቶ ለመገበያየት ወይም ቢሮ ለመግባት የወጣ ሰው የለም። መዝናኛ ነው፣ ስፖርት ነው።

የእሁድ ወክን ከመረጣችሁ አንድ ተጨማሪ ሥራ ስጡት። ትልቅ የሰፈር ካርታ በካርቶን ላይ ለጥፉ። ለሚያልፈው ሁሉ እስክሪብቶ ሰጥታችሁ «መሄድ የሚያስቸግርህ ቦታ የት ነው?» በሉት። ሰው ይህን ሲጠየቅ ዝም አይልም። አንዱ ክዳን የሌለው ማንሆል ያሳያችኋል። ሌላዋ ማታ መብራት የሌለበትን ቅያስ ትነግራችኋለች። ያን ጊዜ የቀኑ መለኪያ የመጣው ሕዝብ ብዛት መሆኑ ይቀራል፤ ከተጠቆሙት ቦታዎች ስንቱ በሦስት ወር ውስጥ ተስተካከለ የሚለው ይሆናል።

የሰኞ መንገድ ማለት እንግዲህ ይህ ነው። የጎደለ ክዳን፣ ቦይ ላይ የሚጣል መሻገሪያ፣ የእግረኛ መንገዱን የዘጋ የግንባታ አሸዋ። ፎቶ ላይ አያምርም። ግን አንዲት እናት ልጇን ይዛ ወደ አስፋልት እንድትወርድ የሚያደርጋት ያ አሸዋ ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የመሥራት አቅም ካላችሁ የሰኞውን ሥሩ።

ሌላ ርካሽ አማራጭም አለ። የስፔኗ ፖንቴቬድራ ከፈረንጆች 1999 ጀምሮ የከተማዋን መሀል ለእግረኛ እየለቀቀች መጥታለች። በፈረንጆች 2011 ደግሞ የባቡር መስመር ካርታ የሚመስል የእግር ካርታ አወጣች። ከዚህ አደባባይ እስከዚያ ገበያ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ ይነግራል፤ ሌላ ምንም የለውም። ይህን ቢሮ በር ላይ በአንድ ወረቀት መሥራት ይቻላል። ከደቂቃው ጎን ለጎን በሥራ መውጫ ሰዓት ታክሲ የሚጠበቅበትን ጊዜም ጻፉበት። አራት ኪሎ ያለ ሰው ስድስት ኪሎ ለመድረስ ሰልፍ ላይ የሚቆመው ርቀቱን ከሚገባው በላይ ስለሚገምተው ነው። ዳገት መሆኑን አልክድም፤ ቢሆንም ከሰልፉ አይረዝምም።

ዜብራ ወይስ ድልድይ?

ልጅ በተገጨ ማግስት የሰፈር ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ድልድይ ነው። ይገባኛል። ድልድይ ይታያል፣ ይመረቃል፣ ሪባን ይቆረጥለታል። ሰውንና መኪናን ይለያል። ወረቀት ላይ ከዚህ የተሻለ መፍትሔ የለም።

አሁን ደግሞ የሚሻገረውን ሰው እንይ። ቀለበት መንገድ ላይ ድልድዩ ከላይ እያለ ከሥሩ ዘልሎ የሚሻገር ሰው ብርቅ አይደለም። ሾፌሮች «ሰነፍ» ይሉታል። ቆሞ ለሚያስተውል ግን ነገሩ ሌላ ነው። ትልልቅ መኪና ከሥር እንዲያልፍ ድልድዩ ከ5 ሜትር በላይ ከፍ ማለት አለበት። ያ ወደ ሁለት ፎቅ የሚጠጋ ደረጃ መውጣት፣ ከዚያ ያንኑ ያህል መውረድ ነው። ጉልበቷን የሚያማት እናት አትችለውም። ዊልቸር ላይ ያለ ሰው ጭራሽ አይሞክረውም። ጆንያ የተሸከመ ወዛደር ሌላ ጉልበት ይጠየቃል። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ብቻዋን የምትሄድ ሴት ደግሞ ጨለማ ድልድይ ላይ ከመውጣት አስፋልቱን ትመርጣለች። የቀረው ጎረምሳ ነው፤ እሱ ደግሞ ቸኩሏል።

ዜብራ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። ሰው በሚሄድበት ከፍታ፣ በሚሄድበት አቅጣጫ ያሻግራል። ችግሩ ቀለም ብቻውን መኪና አለማቆሙ ነው። አስፋልቱ ሰፊና ቀጥ ያለ ከሆነ ሾፌሩ ዜብራውን ሳያየው ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት 1 በመቶ ሲጨምር የሞት አደጋ ስጋት 4 በመቶ ይጨምራል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር በሚሄድ መኪና የተገጨ ሰው የመትረፍ ዕድሉ በ50 ከተገጨው እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ዜብራ ስትጠይቁ ፍጥነት መቀነሻውን አብራችሁ ጠይቁ። ዜብራው ራሱ ከአስፋልቱ ከፍ ብሎ እንደ ጉብታ ሊሠራ ይችላል። መንገዱ ሰፊ ከሆነ መሀሉ ላይ የሚቆሙበት ማረፊያ ይጨመር። ያኔ ሰው አንድ አቅጣጫ ብቻ እያየ በሁለት ዙር ይሻገራል።

የትራፊክ መብራት ካለ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። አራት መስመር ያለው አስፋልት 14 ሜትር ገደማ ይሆናል። በሰከንድ 1.2 ሜትር የሚራመድ ሰው በ12 ሰከንድ ይጨርሰዋል። በሰከንድ 0.8 ሜትር የሚራመድ አረጋዊ ግን 17 ሰከንድ ተኩል ያስፈልገዋል። ለእግረኛው የሚበራው አረንጓዴ 12 ሰከንድ ከሆነ፣ መብራቱ ሽማግሌውን መሀል አስፋልት ላይ ጥሎት ነው የሚቀየረው። ይህን በስልክ ሰዓት ለክቶ ለሚመለከተው ቢሮ መጻፍ ምንም ወጪ የለውም፤ ጊዜውን ማስተካከልም አዲስ ግንባታ አይፈልግም።

በከተማ መንገድ ላይ እንግዲህ እኔ የምመርጠው ዜብራ ከፍጥነት መቀነሻ ጋር ነው። ድልድይ የሚጠየቀው መኪናውን በምንም ማዘግየት በማይቻልበት ቦታ ነው፤ ፈጣን መንገድ ላይ፣ ሸለቆ ላይ። ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በመሬት ላይ በሚሄድባቸው ቦታዎች አጥሩ ሰፈሮችን ለሁለት ከፍሏል። እዚያ ጥያቄው ትንሽ ይለያል፤ ከአንዱ መሻገሪያ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ነው የሚለካው። ፊት ለፊት ወደሚታይ ሱቅ ለመድረስ ስንት ሜትር እንደሚዞር ለኩና ጻፉ።

መሻገሪያን የምትለኩት በሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ እግረኛው ጠርዙ ላይ ከደረሰ ጀምሮ አስፋልት እስኪረግጥ ስንት ሰከንድ ጠበቀ? ሁለተኛ፣ ከ20 ሙከራ በስንቱ የመጀመሪያው መኪና ቆመ? ሦስተኛ፣ በዚያ አካባቢ ከተሻገሩ 100 ሰዎች ስንቱ በተዘጋጀው ቦታ ተሻገረ? ሩቡ እንኳን ከድልድዩ ሥር የሚያልፍ ከሆነ ጥፋቱን ሰው ላይ ከማላከክ በፊት ድልድዩ የቆመበትን ቦታ መርምሩ።

ቀለምና ኮን ወይስ ኮንክሪት?

ለገሃርና ሰባተኛ አካባቢ ባሉ መጋጠሚያዎች ላይ ከዓመታት በፊት የተሞከረው ነገር ለትንሽ ቡድን ጥሩ ትምህርት ነው። በቀለም፣ በኮንና በመሳሰሉት ቀላል ነገሮች ማዕዘኑ ለእግረኛ ሰፋ፣ መሻገሪያው አጠረ። መኪናው ሲታጠፍ ለመዘግየት ተገደደ። እንዲህ ያለ ሥራ ትልቁ ጥቅሙ ከተሳሳተ መጥፋቱ ነው። ሁለት ሳምንት ታይቶ ይነሳል ወይም ይስተካከላል። ኮንክሪት ግን ከፈሰሰ ፈሰሰ።

ጉዳቱ ዕድሜው ነው። ቀለሙ አንድ ክረምት ሳይጨርስ ይደበዝዛል። ኮኑ በመኪና ይደቀቃል ወይም አንዱ ግቢውን ያጥርበታል። ስለዚህ ቀለምን የመጨረሻ ሥራ አድርጋችሁ አትምረጡት። ማስረጃ መሰብሰቢያ ነው። ከቀለሙ በፊትና በኋላ የተለካውን ይዛችሁ «አሁን በቋሚነት ይሠራልን» ትላላችሁ። መንገዱ የእናንተ ስላልሆነ ደግሞ ፈቃድ ሳትይዙ ብሩሽ አታንሱ።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ እየተሠራ ያለው የኮሪደር ልማት በዋና መንገዶች ላይ ሰፋፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመርና መብራት አምጥቷል። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ማታ የሚሄድ ሰው ልዩነቱን በእግሩ ያውቀዋል። ግን ሁለት ነገር አብሮ መታየት አለበት። አንደኛው ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ የሚገባው ቅያስ ነው። ሰው የሚኖረው እዚያ ነው፤ ጭቃውም ያለው እዚያ ነው። ሁለተኛው ርቀት ነው። ከመሀል ከተማ ተነስቶ ዳር የገባ ቤተሰብ ድሮ በእግሩ የሚደርስበት ሥራ፣ ገበያና ትምህርት ቤት ርቆታል። መንገዱ ምንም ቢያምር ከ15 ኪሎ ሜትር ርቀት በእግር የሚመጣ የለም። የእግረኛ መንገድ በሜትር ተለክቶ ሪፖርት ሲቀርብ ይህ አይታይም። የሚታየው «ከቤትህ በ15 ደቂቃ የእግር መንገድ ውስጥ ምን ታገኛለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው።

ለኮሚቴ የሚቀርበው ሥራ ቅያሱ ነው። ዋናውን መንገድ መንግሥት ይሥራው።

ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት

ትምህርት ቤት ላይ አማራጩ ሁለት ነው፦ በር ላይ መኪና መከልከል ወይም ልጆችን በቡድን ማስኬድ። በቡድን መሄድ ማለት ሁለት ወላጆች በተወሰነ ሰዓት ከተወሰነ ቦታ ተነስተው መንገድ ላይ ልጆችን እየሰበሰቡ መሄዳቸው ነው። ለትንንሾቹ ይህን እመርጣለሁ። የበሩ ክልከላ ከትራፊክ ፖሊስና ከአስተዳደሩ ጋር መስማማት ይፈልጋል። ሲሳካ ግን መኪና ያላቸው ወላጆችም መቶ ሁለት መቶ ሜትር መሄድ ይጀምራሉ፤ ያ የኛ ሦስተኛ ጥያቄ ነው።

መለኪያውም ቀላል ነው። መምህሩ «ዛሬ በምን መጣችሁ?» ብሎ እጅ ያስወጣል። በእግር፣ በታክሲ፣ በሰርቪስ፣ በቤት መኪና። ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ይሁን። ልጅ ጓደኛው እያየው «በእግር» ማለት ሊያፍር ይችላል። እጅ በተከታታይ አምስት ቀን ይቆጠር፤ አንድ ቀን ብቻ ከሆነ ዝናብ ያበላሸዋል።

መሥሪያ ቤት ላይ ደግሞ ሁለቱ አማራጮች የእርምጃ ውድድርና እንቅፋት ማንሳት ናቸው። ውድድሩ ለሁለት ሳምንት ያሟሙቃል። አሸናፊው አብዛኛውን ጊዜ ድሮም የሚሮጠው ሰው ነው። እንቅፋት ማንሳት የሚባለው ግን ጫማ መቀየሪያ ቦታ ነው፣ መታጠቢያ ነው፣ ለጠዋት መግቢያ የአሥር ደቂቃ ትዕግሥት ነው። በክረምት ጭቃ የረገጠ ጫማ ይዞ ስብሰባ መግባት የሚያሳፍራት ሠራተኛ አንድ የጫማ መደርደሪያ ከሜዳልያ ይልቅ ይጠቅማታል። የትራንስፖርት አበልንም ተመልከቱ። አበሉ በደረሰኝ ወይም ሰርቪስ በመጠቀም ብቻ የሚገኝ ከሆነ በእግሩ የሚመጣውን እየቀጣችሁት ነው።

መለኪያዎቹ ሲወዳደሩ

ስልክ። የእርምጃ መቁጠሪያ ነፃ ነው፣ ሁሉም ዘመናዊ ስልክ ላይ አለ። ለግለሰብ ጥሩ ነው። ለፕሮጀክት ግን ደካማ ነው። ስልኳን ቦርሳ ውስጥ ወይም ጠረጴዛ ላይ የምትተው ሴት ትጎዳለች። ተራ ስልክ የያዘው ጭራሽ አይቆጠርም። ቢሮ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለትም እርምጃ ነው፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ ከቦታ ቦታ የተደረገ ጉዞ ነው። 10,000 የምትባለውም ቁጥር በፈረንጆች 1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ የመጣች ናት እንጂ ከጥናት አይደለም። በፈረንጆች 2022 የታተመ የብዙ ጥናቶች ማጠቃለያ፣ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ለሆኑት ያለዕድሜ የመሞት ስጋት መቀነሱ ከ6,000 እስከ 8,000 እርምጃ አካባቢ እንደሚረጋ አሳይቷል። ከ60 በታች ለሆኑት ከ8,000 እስከ 10,000 ነው። ለጤና መለኪያ ከፈለጋችሁ ደቂቃ ይሻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ቢያንስ በሳምንት 150 ደቂቃ ይላል። ለመሄድ 15፣ ለመመለስ 15 ደቂቃ በእግሩ የሚጓዝ ሰው በአምስት ቀን ይሞላታል፤ ጂም መግባት ሳይጠበቅበት።

መጠይቅ። «ብዙ ጊዜ በምን ትሄዳለህ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሰው የሚመልሰው የሚያኮራውን ነው። «ትናንት ወደ ሥራ ስትሄድ ከቤት እስከ ቢሮ በምን በምን ሄድክ?» በሉ። ያኔ ታክሲ ለመያዝ የተኬደው 20 ደቂቃም ይወጣል። ብዙ ጥናት ይህን ጉዞ «ታክሲ» ብሎ ይመዘግበውና እግሩን ይረሳዋል። ሁለተኛ ጥያቄ አስከትሉ፦ «የታክሲ ብርና ታክሲ ሁለቱም ቢኖሩህ ኖሮ በእግርህ ትሄድ ነበር?» መርጦ የሚሄደውን ካልመረጠው የምትለዩት በዚህች ነው። እኔ ከሁሉም መለኪያ የማስበልጣት ይህችን ጥያቄ ነው።

የአደጋ መዝገብ። ለከተማ ደረጃ የግድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸውና ይህን የማያይ መለኪያ ዋናውን ጉዳይ ዘለለ። ለአንድ ቅያስ ወይም ለአንድ ትምህርት ቤት በር ግን አይሆንም። አንድ ዓመት ማንም ሳይገጭ፣ በቀጣዩ ሁለት ሰው ቢገጭ ከዚያ ምንም መደምደም አይቻልም። ቁጥሩ ያንሳል። በእሱ ፋንታ የመኪናውን ፍጥነትና ሾፌሩ መቆም አለመቆሙን ለኩ።

ካሜራ። ውድ ነው፣ ሰውም አይወደውም። ለከተማ አስተዳደር ይቆይ።

የእጅ ቆጠራ። ለትንሽ ቡድን የእኔ ምርጫ ይህ ነው። የዴንማርኩ አርክቴክት ያን ጌል ከፈረንጆች 1960ዎቹ ጀምሮ የኮፐንሃገንን ጎዳናዎች የተማረው እየቆመ በመቁጠርና በማየት ነው፤ ከተማዋ በ1962 ዋና የገበያ ጎዳናዋን ለመኪና ከዘጋች በኋላ የሆነውንም በዚሁ መንገድ ተከታትሏል። ሁለት ሰው፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል።

ቆጠራው ሲደረግ

የማይንቀሳቀስ ምልክት ምረጡ፤ የመብራት እንጨት ወይም የሱቅ በር። በዚያ መስመር የሚያልፈውን ሁሉ በጭረት ቁጠሩ። ጠዋት ከ1፡30 እስከ 2፡30፣ ማታ ከ12፡00 እስከ 1፡00 ጥሩ ሰዓት ነው። አንዱ ሴትና ወንድ ለይቶ ይቁጠር። ሌላው በእግረኛ መንገዱ የሚሄደውንና አስፋልት ላይ የወረደውን ይለይ። ከዚህ በላይ ዓምድ ከጨመራችሁ ይምታታል።

ሁለቱ ዓምዶች ብዙ ይናገራሉ። የእግረኛ መንገድ እያለ ከ100 ሰው 40 በአስፋልት የሚሄድ ከሆነ የእግረኛ መንገዱ ስሙ ብቻ ነው ያለው። ምክንያቱን እዚያው ታዩታላችሁ፤ ሱቁ ዕቃውን አውጥቷል፣ መኪና ቆሞበታል፣ ጉልት ተዘርግቷል። ጉልት ያሉትን ግን በጥድፊያ «ይነሱ» አትበሉ። ማታ ብርሃንና ሰው የሚያመጡት እነሱ ናቸው። ግማሽ ሜትር ወደ ዳር ጠጋ ቢሉ ብዙ ጊዜ ይበቃል። የሴቶቹ ዓምድ ደግሞ የሚያገለግለው ጠዋትና ማታ ሲወዳደር ነው። ጠዋት ግማሽ የነበሩት ሴቶች ማታ ሩብ ከሆኑ መንገዱ ያስፈራል ማለት ነው። ማንም መጠይቅ ላይ ይህን ያህል ግልጽ አድርጎ አይጽፍላችሁም።

ቀን ስትመርጡ ተጠንቀቁ። የሐምሌን ቆጠራ ከጥቅምት ጋር አታወዳድሩ። የበዓል ዋዜማ ገበያውን ያበዛዋል። መስጊድ አጠገብ ከሆናችሁ አርብ ቀትር ሌላ ዓለም ነው፤ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ደግሞ ወርኃዊው በዓል። ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ይሻላሉ። ትምህርት ቤት ክፍት መሆኑን አረጋግጡ።

ብዙዎች የሚዘሉት ሌላ መንገድ መቁጠርን ነው። የእናንተን የሚመስል፣ ግን ምንም ያልተነካ አንድ መንገድ በዚያው ቀን በዚያው ሰዓት ይቆጠር። ሁለቱም ላይ እግረኛ ከጨመረ ታክሲ ጠፍቷል ወይም ታሪፍ ጨምሯል። የእናንተው ላይ ብቻ ከጨመረ የሥራችሁ ውጤት ሊሆን ይችላል። ያለዚህ ማወዳደሪያ ማንም ሪፖርታችሁን ባያምን አትቀየሙ።

ለየትኛው ቡድን የትኛው?

የወላጅ ኮሚቴ ከሆናችሁ በቡድን ማስኬድን ከእጅ ማውጣቱ ጋር ያዙ። ውጤቱን በአንድ ወር ታዩታላችሁ። መሥሪያ ቤት ከሆናችሁ የጫማ መደርደሪያውንና የደቂቃ ካርታውን አስቀድሙ፤ በዓመት ሁለቴ የ«ትናንት በምን መጣህ» መጠይቅ ይበቃችኋል። እድር ወይም የሰፈር ኮሚቴ ከሆናችሁ አንድ ቅያስ ብቻ ምረጡ፣ ሁለት ሳትሉ። ከመንካታችሁ በፊት ቁጠሩት፣ አስተካክሉት፣ በሦስተኛው ወር ቁጠሩት፣ በዓመቱ በዚያው ወር ድገሙት። የዓመቱ ቆጠራ አይቅር፤ ክዳኑ ተመልሶ መጥፋት አለመጥፋቱ የሚታወቀው ያኔ ነው።

የወረዳ ባለሙያ ከሆናችሁ ደግሞ መሻገሪያ ላይ አተኩሩ። የመጠበቂያ ሰከንድ፣ የሚቆሙ ሾፌሮች ብዛት፣ በተዘጋጀው ቦታ የተሻገሩት ድርሻ፤ ሦስቱ በአንድ ገጽ ይሰፍራሉ። ገጹን ለበላይ ስታስገቡ ቅጂውን እዚያው መሻገሪያ ጎን ላለው ባለሱቅ ስጡት። ቀኑን ሙሉ እዚያ የሚውለው እሱ ነው፤ የተሳሳተ ቁጥር ካለ መጀመሪያ የሚነግራችሁም እሱ ነው።